ድርጭት አደን፦ ስለ ስስት ያየነው አንድ ፊልም



ፊልም በብዙዎቻችን ቤት በጥርጣሬ ዓይን የሚታይ ነገር ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ከሚቀርብልን አብዛኛው ጊዜ የሚያባክን ነው፤ አንዳንዱም ወላጅና ልጅ አብረው ተቀምጠው ሊያዩት የሚያሳፍር ነው። ቢሆንም አልፎ አልፎ፣ ከታየ በኋላ ለሳምንታት ከአእምሮ የማይጠፋ፣ ወላጅንና ልጅን ቁጭ አድርጎ የሚያነጋግር ሥራ ይገኛል። እኛ ባልና ሚስት ከሁለት ትልልቅ ልጆቻችን ጋር ሆነን በሁለት ምሽት ከፍለን ያየነው አንድ ፊልም እንዲህ ያለ ሆኖ ስላገኘነው ስለ እርሱ ጥቂት ለማለት ወደድን።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ «ዘር ዊል ቢ ብለድ» ይባላል፤ ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ «ደም መፍሰሱ አይቀርም» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ሲሆን፣ የጻፈውም ያዘጋጀውም አሜሪካዊው ፖል ቶማስ አንደርሰን ነው። መነሻ ያደረገው ደራሲው አፕተን ሲንክሌር በ1920ዎቹ ስለ ካሊፎርኒያ የነዳጅ ፍለጋ የጻፈውን «ኦይል!» የተሰኘ ልብ ወለድ ነው፤ ይሁን እንጂ ከመጽሐፉ የወሰደው ጥቂቱን ብቻ ነው። ዋናውን ሰው ሆኖ የተጫወተው ዳንኤል ዴይ ሉዊስና የካሜራው ባለሙያ ሮበርት ኤልስዊት በዚህ ሥራቸው በ2008 የኦስካር ሽልማት አግኝተዋል። ታሪኩ ከ1898 እስከ 1927 ባለው ጊዜ ውስጥ የሚካሄድ ነው።

ስለ ስስት የሚናገሩ ታሪኮች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ግን ስስታሙን ሰው ገና ብቅ ሲል አስቀያሚ አድርገው ያቀርቡታል። ተመልካቹም «እኔ እንዲህ አይደለሁም» ብሎ በሰላም ይተኛል። ይህ ፊልም ያን ማምለጫ አይሰጥም። እኛም ያደነቅነው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው።

ላብ መስሎ የሚጀምር

ፊልሙ ሲጀመር ሩብ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ንግግር የለም ማለት ይቻላል። ዳንኤል ፕሌንቪው የተባለ ሰው በምድረ በዳ፣ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ፣ ብቻውን ሆኖ በዶማ ድንጋይ ይፈልጣል። የሚፈልገው ብር ነው። አንድ ቀን ከመሰላሉ ይወድቅና እግሩ ይሰበራል። ቢጮህ የሚሰማው ሰው የለም። ሰውየው ግን ብር ያለበትን ድንጋይ ደረቱ ውስጥ ሸጉጦ ከጉድጓዱ ይወጣል፤ ከዚያም በጀርባው እየተንፏቀቀ ያንን ሁሉ በረሃ ያቋርጣል። ቀጥሎ የምናየው በማዕድን መርማሪው ቢሮ ወለል ላይ ተጋድሞ ያመጣው ሲመረመርለት ነው።

ታናሽየው ልጃችን ይህን ሲያይ «ጎበዝ ነው!» አለ። እውነቱን ነው፤ ጎበዝ ነው። እኛም በልባችን ያልነው ይህንኑ ነበር። ለመሆኑ በንግድ ሰፈር የሚኖር ሰው እንዲህ ያለውን ሰው ሳያወድስ ያልፋል? «እንቅልፍ የለውም»፣ «ከምንም ተነስቶ ነው» እያልን የምናመሰግነው እንዲህ ያለውን አይደለም? ለፍቶ ማደር ሐላል ነው፤ የሚመሰገንም ነው። የፊልሙ ጥበብ ስስት ሲነሳ የሚለብሰው ልብስ ይኸው የሥራ ልብስ መሆኑን ማሳየቱ ነው። ጥረትና ስስት በአንድ ጉድጓድ ውስጥ፣ በአንድ ዶማ ይቆፍራሉ። የሚለያዩት ሰውየው «ይበቃኛል» የሚልበት ቦታ ሲደርስ ነው፤ ፕሌንቪው እዚያ ቦታ አይደርስም።

ቅርጫት ውስጥ የነበረው የቲም

ከዚያ በኋላ ፕሌንቪው ብሩን ትቶ ወደ ነዳጅ ፍለጋ ይዞራል። በ1902 ከሠራተኞቹ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ከላይ በወደቀ ዕቃ ተመትቶ ይሞታል። ሟቹ ሕፃን ልጅ ነበረው። ፕሌንቪው ልጁን ወስዶ እንደራሱ ያሳድገዋል። ባቡር ውስጥ ሕፃኑ ሪዙን ሲነካካው የሚታይበት አጭር ትዕይንት አለ፤ በፊልሙ ውስጥ እንደዚያ ያለ ርኅራኄ የሚታይበት ሌላ ቦታ ጥቂት ነው።

የቲምን ማሳደግ በእኛ ዘንድ ምን ያህል ክብር ያለው ሥራ እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ልባችን ለሰውየው መራራቱ አልቀረም። ነገር ግን ዓመታት አልፈው ልጁ ከፍ ሲል ሌላ ነገር እናያለን። ፕሌንቪው መሬት ለመከራየት ወደ ገበሬዎች በሄደ ቁጥር ልጁን አጠገቡ ያቆመዋል፤ እርሱ የቤተሰብ ሰው እንደሆነ፣ ሥራውም የቤተሰብ ሥራ እንደሆነ ይናገራል። ገበሬዎቹም የልጁን ፊት አይተው ያምኑታል።

ታዲያ ይህ አባት ልጁን ይወደዋል ወይስ ይጠቀምበታል? ትልቋ ልጃችን «ይጠቀምበታል» ስትል ታናሽየው «ይወደዋል» አለ፤ ክርክሩ ለቀናት ቀጠለ። እኛ እንደመሰለን ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አስፈሪነቱም እዚህ ላይ ነው። ስስት የገባበት ሰው የሚወደውን ሁሉ መውደዱን አያቆምም። የሚወደውንም ሁሉ ለሥራ ያሰልፈዋል እንጂ።

የነዳጅ ዋጋና የድርጭት ዋጋ

በ1911 ፖል ሰንደይ የተባለ ወጣት ወደ ፕሌንቪው ይመጣና በአባቱ መሬት ላይ ነዳጅ እንዳለ ነግሮ በ500 ዶላር ጥቆማውን ይሸጥለታል። ፕሌንቪው ልጁን ይዞ፣ ድንኳንና ጠመንጃ ጭኖ ወደ ሥፍራው ይሄዳል። ለባለመሬቶቹ የሚነግራቸው ድርጭት ሊያድን እንደመጣ ነው። እነርሱም ደግ ሰዎች ናቸውና እንግዳውን ይቀበሉታል። አባትና ልጅ ወፍ ፍለጋ መስለው ሲዞሩ ልጁ ጫማውን የነካውን ጥቁር ነገር ያያል። ነዳጅ ነው። በዚያን ጊዜ አባትየው ለእነዚህ ሰዎች የሚከፍላቸው የነዳጅ ዋጋ ሳይሆን የድርጭት ዋጋ መሆኑን ለልጁ ይነግረዋል።

እዚህ ላይ ፊልሙን አቁመን ተነጋገርን። ሰውየው ማንንም አልደበደበም። ጠመንጃውን በሰው ላይ አላነሳም። ዋጋ አቀረበ፤ ባለመሬቱ ተስማማ፤ ተፈራረሙ። በአንድ ወገን እውቀት፣ በሌላው ወገን አለማወቅ ነበረ፤ ጠቅላላው ሀብት የተሠራው በዚያ መካከል ባለው ክፍተት ነው። በሸሪዓ ትምህርት ይህ አዲስ ጉዳይ አይደለም። ከገጠር ዕቃ ጭነው የሚመጡ ነጋዴዎች ገበያ ደርሰው ዋጋውን ሳያውቁ ከከተማ ወጥቶ መንገድ ላይ ጠብቆ መግዛትን ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከልክለዋል። ሻጩ «እሺ» ማለቱ ብቻውን ነገሩን እንደማያጸዳው ከዚህ እንማራለን።

ከዚያ ምሽት ወዲህ «ድርጭት አደን» የሚለው ቃል በቤታችን የተለመደ አባባል ሆኗል። አንዱ ልጅ ሌላውን ሊያታልል ለስለስ ብሎ ሲመጣ «ምነው፣ ድርጭት ልታድን ነው?» ይባባላሉ።

እሳቱና ልጁ

ከፊልሙ ሁሉ አንድ ትዕይንት ብቻ ምረጡ ብንባል የምንመርጠው የእሳቱን ነው። የቁፋሮው ሥራ በተጧጧፈበት ወቅት ከመሬት ሥር የታመቀው ጋዝ በድንገት ፈንድቶ ይወጣል። ማማው ላይ ሆኖ ይመለከት የነበረው ልጅ ተወርውሮ ይወድቃል፤ ከዚያች ቅጽበት በኋላም ጆሮው አይሰማም። አባትየው ሮጦ ያነሳዋል፤ አቅፎ ወደ ቤት ያስገባዋል። እስከዚህ ድረስ አባት ነው። ልጁ እንዳይሄድበት ይለምነዋል፤ አባትየው ግን ትቶት ተመልሶ ወደ እሳቱ ይሮጣል።

ማማው እንደ ችቦ ይነዳል። ፕሌንቪው ፊቱ በነዳጅ ጠቁሮ እሳቱን ሲመለከት ዓይኑ ውስጥ ደስታ አለ፤ ምክንያቱም እሳቱ ምን ያህል ሀብት ከሥር እንዳለ እየነገረው ነው። የሥራ ባልደረባው ልጁ ደህና እንደሆነ ሲጠይቀው ደህና አለመሆኑን በአጭሩ ይመልሳል፤ ዓይኑን ግን ከእሳቱ አያነሳም። ልጁ ክፉኛ እንደተጎዳ ያውቃል፤ እግሩ ግን ወደ እርሱ አይመለስም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የዚህ ውጤት ነው። ልጁ አሁን መስማት አይችልምና ለገበሬዎች የሚታይ የቤተሰብ ፊት ሊሆን አይችልም። አንድ ቀን አባትየው ባቡር ላይ ያስቀምጠውና ለአንድ አፍታ የሚመለስ አስመስሎ ይወርዳል፤ ባቡሩ ይንቀሳቀሳል። ባለቤት ይህን ስታይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቤታችን ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

ሁለት ነጋዴዎች

በዚያው መንደር ኢላይ ሰንደይ የሚባል ወጣት ሰባኪ አለ። እርሱና ፕሌንቪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይዋደዱም፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ስለሚያውቅ ነው። አንዱ የምድርን ሆድ፣ ሌላው የሰውን ልብ ይቆፍራል። ፕሌንቪው የነዳጅ ቧንቧውን ወደ ባሕር ለማውጣት የአንድ ሽማግሌ መሬት ባስፈለገው ጊዜ፣ ሽማግሌው በኢላይ ቤተክርስቲያን እንዲጠመቅ ግድ ይለዋል። ኢላይም በሕዝብ ፊት በጥፊ እየመታ ልጁን እንደተወ ጮሆ እንዲናገር ያስገድደዋል። ፕሌንቪው ለቧንቧው ሲል የገባበት ማስመሰል ነው፤ ስለ ልጁ ሲጮህ ግን ድምፁ የእውነት ይሰበራል። ቧንቧው ሲፈቀድለት ደግሞ እንባው ይቆማል።

ይህን አይተን ወደ ጎረቤታችን ሃይማኖት ጣት ብንቀስር ፊልሙን አልተረዳነውም። በስመ ዲን የሚነግድ ሰው በየትም አለ፤ በእኛም ዘንድ አይጠፋም። ፊልሙ የሚያሳየው ስስት መስጊድም ሆነ ቤተክርስቲያን በር ላይ ጫማውን አውልቆ እንደማይቀር ነው።

ሁለት ቤቶች

በመጨረሻ 1927 ይደርሳል። ፕሌንቪው በትልቅ ቤት ውስጥ፣ ብቻውን፣ ከመጠጡ ጋር ይኖራል። ልጁ አድጎ፣ አግብቶ፣ በአስተርጓሚ አማካይነት በምልክት ቋንቋ እያነጋገረ ሊሰናበተው ይመጣል፤ ሜክሲኮ ሄዶ የራሱን ሥራ ሊጀምር ነው። አባትየው ይህን ሲሰማ ልጅ ሳይሆን ተቀናቃኝ ነው የሚታየው። በቁጣም ቅርጫት ውስጥ የተገኘ የሙት ልጅ መሆኑን ነግሮ ያባርረዋል። በፊልሙ ውስጥ ብዙ ደም ይፈሳል፤ እኛን ከሁሉ የበለጠ ያሳመመን ግን ደም ያልፈሰሰበት ይህ ንግግር ነው።

ከዚያ ኢላይ ገንዘብ ቸግሮት ይመጣና ያልተቆፈረ አንድ መሬት ሊያሻሽጠው ይሞክራል። ፕሌንቪው ይስቅበታል። ዙሪያውን ያለውን መሬት ሁሉ ይዞ በመቆፈሩ በዚያ መሬት ሥር የነበረውን ነዳጅ ቀድሞ መጥጦታል። ይህ የፊልም ፈጠራ ብቻ አይደለም። ነዳጅ በመሬት ሥር ድንበር አያውቅም፤ በአሜሪካም ሕግ በራሱ ይዞታ ላይ ቆፍሮ ያወጣው ሰው ባለቤቱ ይሆን ነበር፤ ከጎረቤቱ ሥር ፈስሶ የመጣ ቢሆን እንኳ። ማለትም ሰውየው በሕግ ፊት ሌባ አልነበረም። ታሪኩ የሚያበቃው በምድር ቤቱ የቦውሊንግ መጫወቻ ውስጥ በሚፈጸም ግድያ ነው።

ይህ የመጨረሻ ትዕይንት የተቀረጸበት ቤት እውነተኛ ቤት ነው። በቤቨርሊ ሂልስ የሚገኘው ግሬይስቶን ይባላል። ያሠራው ኤድዋርድ ዶሄኒ ነው፤ እርሱም በወጣትነቱ በኒው ሜክሲኮ ማዕድን ሲፈልግ የኖረ፣ በ1892 ከሸሪኩ ጋር ሎስ አንጀለስ ውስጥ በእጅ ቆፍሮ ነዳጅ ያገኘ፣ ኋላም በሜክሲኮ ነዳጅ እጅግ የበለጸገ ሰው ነበር። ፊልሙ የእርሱ ታሪክ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ቤቱ የራሱ ታሪክ አለው። 55 ክፍሎች ያሉትንና ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈጀውን ይህን ቤት ዶሄኒ ለአንድያ ወንድ ልጁ ለኔድ ሰጠው። የኔድ ቤተሰብ በ1928 ገባበት። ወራት ብቻ አልፈው፣ በየካቲት 1929፣ ኔድና ጸሐፊው በዚያው ቤት ውስጥ በጥይት ተመትተው ሞተው ተገኙ።

በዚያ ወቅት ዶሄኒ በጉቦ ክስ ላይ ነበር። በ1921 ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለአልበርት ፎል 100,000 ዶላር በጥሬው ልኮ ነበር፤ ሚኒስትሩም የመንግሥትን የነዳጅ ክምችት የማውጣት መብት ሰጥቶታል። ገንዘቡን በቦርሳ ይዞ የሄደው ማን ነበር? ልጁ ኔድ። ፍርድ ቤት በ1929 ተቀባዩን ጥፋተኛ አለው፤ በ1930 ሰጪውን ነጻ ለቀቀው። ልጁ ግን በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም። ሁለቱንም ታሪክ አስተያዩት፤ በፊልሙም በእውነቱም አባት ለሀብቱ ጉዳይ ልጁን ከፊት ያሰልፋል። ቤቱ ዛሬ የከተማው ንብረት ነው፤ ግቢውም የሕዝብ መናፈሻ ሆኗል። የቃሩንን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ የሚያስበው አያጣም።

ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ

ፊልሙን ካየን ከአንድ ወር በኋላ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት ባልቴት እናት ወደ ቤታችን መጡ። ልጆቻቸው ርቀው ነው የሚኖሩት። ቤታቸውን ሸጠው ወደ እህታቸው ዘንድ ሊሄዱ አስበዋል። «ለባዳ ከምሸጠው ለእናንተ ይሁን» አሉንና ዋጋ ጠሩ። የጠሩት ዋጋ ዝቅተኛ ነበር። እኛ ደግሞ ቤታችን ጠቦናል፤ ልጆቻችን ከፍ ብለዋል፤ የአንድ ግድግዳ ጎረቤት ስለሆንን መሐሉን ብናፈርሰው ሁሉም ነገር የሚቃለል ነበር። ከእነርሱ ቤት ፊት ለፊት ሰፊ አስፋልት ሊወጣ እንደሆነ ሰምተናል። እርሳቸው አልሰሙም።

ወንድማችን ነገሩን ሲሰማ «ምን ትጠብቃላችሁ? ዋጋውን የጠሩት እኮ ራሳቸው ናቸው። ማንም አላስገደዳቸውም» አለ። ትልቋ ልጃችን ሻይ እያቀረበች ነበር። ቀና ብላ «አጎቴ፣ ይህ ድርጭት አደን አይሆንም?» አለችው። እርሱ ፊልሙን አላየውምና አልገባውም፤ እኛ ግን ገባን።

ማታውኑ ሄደን «እማማ፣ ቤቱን ለማንም ከመሸጥዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ» ብለን የመንገዱን ነገር ነገርናቸው። ለጥቂት ጊዜ አሰቡና ልጆቻቸውን እስኪያማክሩ ሽያጩ እንዲቆይ ፈለጉ። አማከሩም፤ ሳይሸጡትም ቀሩ። እኛም እስከ ዛሬ በዚያው ጠባብ ቤት ውስጥ ነን። ወንድማችን በመጣ ቁጥር ሳይቀልድብን አይሄድም፤ ቤቱን ከገበያው ዋጋ ጋር እያሰላ ያጣነውን ይነግረናል። ሒሳቡ ትክክል ነው። ልጆቻችን ግን ያን ማታ ከእኛ ጋር ሄደው ነበር፤ አጠገባችን ቆመው የምንናገረውን ሰምተዋል።

ፊልሙን ለማየት ለሚያስቡ ቤተሰቦች አንድ ነገር እናሳስባለን። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ የሚፈጅ ነው፤ መጠጥና አሰቃቂ ግድያ አለበት፤ ለትንንሽ ልጆች ፈጽሞ አይሆንም። ከፍ ላሉት ግን ወላጅ አብሮ ተቀምጦ ቢያዩትና ሲያበቃ እንዲህ ብለው ቢጠያየቁ መልካም ነው፦ ሰውየው «ይበቃኛል» ማለት የነበረበት የት ላይ ነበር? ልጁን ያጣው ባቡር ላይ ሲተወው ነው ወይስ ከዚያ በፊት? በሕግ ያልተከለከለ ነገር ሁሉ ሐላል ነው? በእኛ ቤት የመጀመሪያው ጥያቄ ገና መልስ አላገኘም። ልጃችን ጉድጓዱ ዘንድ ነው ይላል፤ እህቱ ድርጭቶቹ ዘንድ ነው ትላለች።

አላህ (ሱ.ወ.) በሰጠን የምንብቃቃ፣ በልጆቻችን የማንነግድ ያድርገን። አሚን።